የማን ስብ ነው?

የእማዬ ቀኝ እጅ መጀመሪያ የከዳት የዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋች ሳለች ነው። ትምህርት ሊከፈት ትንሽ ቀርቶት ስለነበር ዊንጌት ትምህርት ቤት አጠገብ ያለችው የስፌት ሱቋ ሰማያዊ በሰማያዊ ሆናለች። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እሷ መኪናውን ትረግጣለች፣ ሬዲዮው ብቻውን ያወራል። ድንገት ጣቶቿ መዝለል ጀመሩ። እማዬ መርገጧን አቆመችና እጇን እንደ ባዳ እያየችው፣ "አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?" አለችው። እኔ ሳቅኩ። መዝለሉ ከጣቷ ወደ ክንዷ፣ ከክንዷ ወደ ጉንጯ ሲወጣ ግን ቁልፉን ጥዬ ተነሳሁ። ከወንበሯ ስትንሸራተት ቀሚሷን ያዝኩት። የቀሚሷ ጠርዝ እጄ ላይ ተቀደደ፣ እሷ ግን ወደቀች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ሰልፍ ሆነ። ካርድ ለማውጣት ሰልፍ፣ ለምርመራ ደም ለመስጠት ሰልፍ፣ ኤምአርአይ ለመነሳት ሰልፍ። ከቁስቋም በታች ካለው ቤታችን በጠዋት ታክሲ ይዘን ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል እንወርዳለን። እዚያ አካባቢ ያለው ሰው ወይ የታመመ ነው፣ ወይ የሚያስታምም ነው፣ ወይ ለሁለቱም ሻይ የሚሸጥ ነው።

ኤምአርአዩ በግራ በኩል፣ ከራስ ቅሏ ሥር ልጥፍ ብሎ፣ ባቄላ የሚያህል ነገር አሳየ። የግራ አንጎል ቀኝ ጎንን ስለሚያዝ፣ እጇን ያዘለለው እሱ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ ሁለት ነገር እንደሚጠረጥር ነገረን። አንደኛው ዕጢ ነው። እሱ ከሆነ ራስ ቅሏ ተበስቶ ናሙና ይወሰዳል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ያኔ እናየዋለን አለ። ሁለተኛው አንጎል ላይ ያረፈ ቲቢ ነው። እሱ ከሆነ በኪኒን ይድናል። ችግሩ ፎቶው ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት መልክ ነው ያላቸው።

አክስቴ፣ የእማዬ ታላቅ እህት፣ እማዬ ከወደቀች ጀምሮ ከአጠገቧ አልተለየችም። ነገሩ ሳይጣራላት ሐኪሙን አትለቀውም።

"ቲቢ ያሉት ያው ነቀርሳ አይደል?" አለችው።

"አዎ እናቴ፣ የሳንባ ነቀርሳ የምንለው ነው። የእሳቸው አንጎል ውስጥ ሆኖ ነው እንጂ።"

"ካንሰሩንስ ምን ይሉታል?"

"እሱንም... ሰዉ ነቀርሳ ይለዋል።"

"እንግዲያው በየት በኩል ብንዞር ነቀርሳ ነው።"

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሐኪሙም ሊስቅ ብሎ ተወው። እኔ ግን ያቺን አንድ ቃል እያላመጥኳት ቀኑ መሸ። አንዱን ነቀርሳ ከሌላው የሚለየው የእናቴ ጭንቅላት መበሳትና አለመበሳት ነው። ቋንቋችን ሁለቱን ሳይለያቸው እንዴት እስከዛሬ ዝም አለ?

ሐኪሙ፣ ራሷን ከመክፈታችን በፊት አንድ ሌላ ምርመራ አለ አለ። ያው ኤምአርአይ ነው፣ ግን ፎቶ አያነሳም። ባቄላዋ ውስጥ ያለው ኬሚካል ምን እንደሆነ ይጠይቃል። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፣ ኬሚስትሪ ደግሞ እወዳለሁ። እናቴ ታማ እያለ ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር። ግን ደስ አለኝ፣ ምን ላድርግ።

ምርመራውን የምታነበው ዶክተር ገና ወጣት ናት። በቀጠሯችን ቀን እማዬ ልብስ እስክትቀይር ድረስ ጥያቄዬን ሁሉ ታግሳ መለሰችልኝ። የሚወጣው አንድ መስመር ነው፤ መስመሩ ላይ ጉብታ ጉብታ አለ። እንጦጦን ከታች ሆኖ እንደማየት ነው። እያንዳንዱ ኬሚካል የራሱ ቦታ አለው፣ በዛ ካለ ጉብታው ይረዝማል። ጤነኛ የነርቭ ሕዋስ የራሱ ጉብታ አለው። ኮሊን የሚባለው ጉብታ የሚረዝመው ሕዋስ ያለ ልክ ሲባዛ ነው፤ ያ የዕጢ ምልክት ስለሆነ የሚፈራው እሱ ነው። መስመሩ ጫፍ ላይ ደግሞ የስብ ጉብታ አለ። የቲቢ ቁስል መሐሉ ሲበሰብስ ስብ ይለቃል፣ ስለዚህ ኮሊኑ አጭር ሆኖ ስቡ ከረዘመ ወደ ቲቢ ያደላል።

"ስለዚህ ስብ ነው የምንፈልገው?" አልኳት።

"ስብ ነው የምንፈልገው" አለችኝ።

እማዬ ጠባብ ቦታ ስለምትፈራ እኔ አብሬያት እንድገባ ተፈቀደልኝ። ብረት የሆነ ነገር ሁሉ አውልቄ፣ ጆሮዬን ደፍኜ፣ ከእግሯ በኩል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኜ የማየው እግሮቿን፣ ከእግሮቿ ወዲያ ሆዷን፣ ዋሻ በሚመስለው ማሽን ውስጥ ደግሞ አገጯን ነው። አክስቴ ውጭ ቀረች። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ቴክኒሻን ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጦ በድምፅ ማጉያ ያናግረናል። እንዴት ያለ ትሁት ልጅ መሰላችሁ። ማሽኑ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ሲቀጥል ቶሎ ቶሎ ጣልቃ ይገባና፣ "አይዞዎት እናቴ" ይላታል። "ጥሩ እየሄድን ነው እናቴ።" "ትንሽ ነው የቀረን፣ አይዞዎት።"

እማዬም ከዋሻው ውስጥ ትመልሳለች። "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።" መልሳ ዝም አትልም፣ እጅም ትነሳለች። ተኝታ እንዴት እጅ ትነሳለች ብትሉ፣ በአገጯ። አገጯ ወደ ደረቷ ዝቅ ይልና ይመለሳል። እሱ አይዞዎት ባለ ቁጥር አገጯ ዝቅ፣ ቀና። ያኔ ለእኔ እማዬ እማዬ መሆኗ ብቻ ነበር። መንገድ ላይ የሰላምታ ሰው ካገኘች ታክሲ ያመልጣታል እንጂ ሳትጎነበስ አታልፍም።

ስንወጣ ዶክተሯ ወደ ክፍሏ አስገባችን። ቴክኒሻኑም ተከትሎን መጣ። ኮምፒውተሩ ላይ መስመሩ ተስሏል፤ ጫፉ ላይ ያለው ጉብታ ከሁሉም በላይ ቆሟል። መሐሉ ላይ ያሉት ትንሽ ተደበላልቀዋል፣ ኮሊኑ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይለይም፣ ግን ስቡ፣ በቃ፣ ተራራ ነው።

"ቲቢ ይመስላል" አለች።

አክስቴ ወደ እኔ ተጠጋች። እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። እማዬ ወንበሩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ደገፍ ስትል አየኋት።

ዶክተሯ መቼስ አስተማሪ ብትሆን ይሻላት ነበር። እንዴት እንደሚለካ ታስረዳን ጀመር። ባቄላዋ ላይ የማትታይ ትንሽ ሣጥን ትቀመጣለች፣ ማሽኑም ሣጥኗ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚጠይቀው። አንድ ጊዜ ቢጠይቅ መልሱ ሹክሹክታ ስለሆነ አይሰማም፣ ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቅና መልሶቹን ይደምራል። ሣጥኗ ግን አየር ላይ ናት እንጂ ጭንቅላት ላይ አልተሰፋችም። ራስ ከተንቀሳቀሰ ሣጥኗ ባለችበት ትቀራለች። የእማዬ ባቄላ ደግሞ ዳር ላይ ስለሆነች፣ ትንሽ ከተንሸራተተች ሣጥኗ የምትገባው ከራስ ቆዳ ሥር ነው።

"እዚያ ደግሞ የሁላችንም ስብ አለ" አለች፣ ወደ ቴክኒሻኑ ዞር ብላ። "አልተንቀሳቀሱም አይደል?"

"እሳቸው?" አለ። "እንደ ድንጋይ ነው የተኙት። ጎበዝ ናቸው።"

እሱ አልዋሸም። ከመስታወቱ ማዶ የሚታየው እግሯ ነው፤ እግሯ ደግሞ አልተነቃነቀም። አገጯን ያየሁት እኔ ነኝ።

በዚያች ደቂቃ ውስጥ ያሰብኩትን ሁሉ መጻፍ ብችል ደስ ይለኛል። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። የአክስቴ እጅ እጄ ላይ ነው፣ ላቧ ይሰማኛል። ዝም ካልኩ ኪኒን ይጀመራል፣ ማንም የእማዬን ራስ አይነካም። ግን ስቡ የባቄላዋ ካልሆነስ? የቆዳዋ ከሆነስ? እኛ ኪኒን እያዋጥናት፣ "ተሻለሽ?" "ተሻለኝ" እየተባባልን፣ ያኛው ነቀርሳ ውስጥ ውስጡን እየሰፋ ቢሆንስ? እጄን ከአክስቴ እጅ አወጣሁት።

"ስታመሰግን ነበር" አልኩ።

ዶክተሯ አልገባትም። "ማን?"

"እማዬ። እሱ አይዞዎት ባላት ቁጥር እግዜር ይስጥልኝ ትላለች። ስትል ደግሞ እንዲህ ታደርጋለች።" አገጬን ዝቅ ቀና አድርጌ አሳየኋት።

ቴክኒሻኑ ሊስቅ ጀምሮ የዶክተሯን ፊት ሲያይ አቆመ። አንገቱ ቀላ። እማዬ ግን ለእሱ ነው ያዘነችው።

"ታዲያ ልጁ ከልቡ አይዞዎት ሲለኝ ዝም ልበለው?" አለች። "ማን ያሳደጋት ናት አይለኝም?"

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች። የተደመረውን መስመር ዘግታ ከመደመራቸው በፊት የነበሩትን መልሶች አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ስክሪኑ በመስመር ተሞላ። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል የሚሰለፍ ተማሪ ይመስላሉ፤ አብዛኛው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ መሐል መሐል ላይ ግን ከሰልፉ ፈንጠር ያሉ አሉ። ፈንጠር ያሉት እንዲሁ በየቦታው አልነበሩም፤ ቆየት ቆየት ብለው፣ በጥቂት በጥቂት ተያይዘው ነው የሚመጡት። ቴክኒሻኑ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "የኔ አይዞዎቶች ናቸው" አለ በቀስታ።

የተወሰኑት ቦታቸውን ብቻ ነው የለቀቁት፤ ዶክተሯ እነሱን ገፋ ገፋ እያደረገች ወደ ሰልፋቸው መለሰቻቸው። ተደበላልቀው የነበሩት መሐለኛ ጉብታዎች መለያየት ጀመሩ። ሌሎቹ ግን ከቆዳ ሥር ስብ ይዘው የመጡ ናቸው፤ እነሱ አይመለሱም፣ ይወጣሉ። አንድ ባወጣች ቁጥር ጫፍ ላይ ያለው ተራራ ዝቅ ይላል። እንደገና ታወጣለች፣ እንደገና ዝቅ ይላል።

አክስቴ መቀመጥ አቃታት። "ልጄ፣ ለምንድን ነው የምታወርጂው?" አለቻት። "ደህና ቆሞ አልነበር?"

"የሳቸው ያልሆነውን ነው የማወጣው እናቴ።"

"ትንሽ ተይለት እንጂ።"

ማንም አልሳቀም። ዶክተሯ ስትጨርስ የተረፉት መልሶች ጥቂት ሆኑ፤ ጥቂት በመሆናቸውም መስመሩ እንደ ሣር ተንጨፈረረ። የስቡ ጉብታ አለ ትላላችሁ፣ ደግሞ የለም ትላላችሁ። ኮሊኑም እንደዚያው። ዶክተሯ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳችና በዚህ ምንም ማለት አልችልም አለች። ሌሎቹ ታካሚዎች ሲያልቁ እማዬ ምርመራውን እንደገና ትነሳለች።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቅን። አክስቴ ከእኔ አንድ ወንበር ዘላ ተቀመጠች። ወደ ግድግዳው እያየች፣ "የተማርሽው የእናትሽን ራስ ለማስበሳት ነው?" አለችኝ። እንባዬ መጣ። ምናልባት ልክ ናት እኮ፣ ምናልባት ዝም ማለት ነበረብኝ እያልኩ ነበር።

"ተያት" አለች እማዬ። አክስቴን ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ኮሌታው ጠምሞ እያየሽ ዝም ብትዪኝ እቆጣሽ የለ?"

"እሱ ኮሌታ ነው እማዬ።"

"ይሄ ደግሞ አንገቱ ነው" አለችና ቀኝ እጇን በግራ እጇ ደብቃ ያዘችው። እንዳላየሁ ሆንኩ። ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ ነበር፤ ከበሽታው ይሁን ከፍርሃት አላወቅኩም።

ሁለተኛው ዙር ሲደርስ ዶክተሯ ራሷ ገባች። ከእማዬ ጆሮ ግራና ቀኝ ስፖንጅ ሞላች። ከሣጥኗ ውጭ ያለውን የቆዳ ስብ ዝም የሚያሰኝ ነገር በማሽኑ ላይ እንደምትጨምርም ነገረችኝ። ቴክኒሻኑ አይዞዎት እንደማይል ቃል ገባ። እማዬ ግን እሱ ዝም ካለ ትተዋት የሄዱ እንደሚመስላት ተናገረች። ስለዚህ እኔ እግሯን እንድይዝ ተስማማን። ቀኝ እግሯን በሁለት እጄ ያዝኩ። ካልሲዋ ውስጥ ቀዝቅዛለች።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ማንም አይናገርም። ከአገጯ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። አገጯ ቆሟል። አልፎ አልፎ እግሯን ቀስ አድርጌ እጨምቃለሁ፣ አለሁ ለማለት። መሐል ላይ ስንደርስ ግን የእግሯ አውራ ጣት እጄ ውስጥ ዘለለ። ሱቅ ውስጥም እንዲህ ነው የጀመረው፣ ከጣት። በዚያው በቀኝ በኩል። አሁን መዝለሉ ወደ ባቷ ይወጣል፣ ከባቷ ወደ ላይ፣ እዚያ ዋሻ ውስጥ ታስራ። መስታወቱን ለማንኳኳት ግማሽ ድረስ ተነሳሁ። ብነሳ ሁሉም ነገር ይቆማል። ባልነሳ ደግሞ...

ጣቷ ቆመ። ጠበቅኩ። ባቷን በእጄ ዳሰስኩት፤ ዝም ብሏል። እየፈራሁ እግሯን እንደገና ጨመቅኩ። አውራ ጣቷ ዝቅ ብሎ ቀና አለ። ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። ጨመቅኩ። ዝቅ፣ ቀና።

እጅ እየነሳችኝ ነው።

ሳቄና ልቅሶዬ አንድ ላይ መጣብኝ፤ ሳቄ ወንበሩን እንዳያነቃንቀው ጉንጬን ነከስኩ። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ ድረስ እግሯን ያዝኩ እንጂ አልጨመቅኩም። መልሳ እጅ እንዳትነሳኝ ነዋ።

ዶክተሯ አዲሶቹን መልሶች ስትከፍት ሁላችንም ከኋላዋ ቆምን። ተማሪዎቹ ተሰልፈዋል። ከሰልፍ የወጡት ጥቂት ናቸው፤ እነሱን መለሰች፣ አንድ ሁለቱን አወጣች። አክስቴ ዓይኗን ጨፍናለች። መሐል ላይ ኮሊኑ ለብቻው ተለይቶ ታየ፤ አጭር ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ ስቡ አለ። እንደ ጠዋቱ ተራራ አይደለም፣ ኮረብታ ነው። ዶክተሯ ሌላ አንድ መልስ አወጣች። ኮረብታው አልነቃነቅ አለ።

"አሁንስ አይወርድም?" አለች አክስቴ፣ ዓይኗን ሳትከፍት።

"አይወርድም። ይሄኛው የሳቸው ነው።"

ዶክተሯ ይህ የሚማልበት ነገር እንዳልሆነ፣ ኪኒኑ ተጀምሮ ሌላ ፎቶ ተነስቶ መታየት እንዳለበት ደጋግማ ነገረችን። የነርቭ ሐኪሙም ከደም ምርመራው ጋር አስተያይቶ ያንኑ አለ፤ የቲቢው ኪኒን ይጀመር፣ ራሷን የመብሳቱ ነገር ይቆይ። አክስቴ ታክሲ ውስጥ እስከ ቁስቋም መንገድ ድረስ አላናገረችኝም። ስንወርድ ግን ፌስታሌን ከእጄ ተቀብላ ተሸከመችልኝ። ከእሷ ይህ ብዙ ነው።

ኪኒኑ በባዶ ሆድ ነው የሚዋጠው። በተጀመረ ማግስት ጠዋት ደብተሬን ቦርሳ ውስጥ ስከት እማዬ ከጓሮ ጠራችኝ፤ ጥሪዋ የጤና አይመስልም። እየሮጥኩ ሄድኩ። የሽንት ቤቱን በር በግማሽ ከፍታ ቆማለች።

"ነይ እዪ። ቀለሙ ብርቱካን ሆኗል።"

ሐኪሙ ነግሮን ነበር፣ ከኪኒኖቹ አንዱ ሽንት ያቀላል። ረስታዋለች። አስታወስኳት። ፊቷ በራ።

"ሠራ ማለት ነው?"

አዎ ልላት ነበር፤ እንዲያ እያየችኝ አዎ አለማለት ከባድ ነው። "መሥራቱን አያሳይም እማዬ" አልኳት። "ሰውነትሽ ውስጥ መግባቱን ነው የሚያሳየው።"

የሽንት ቤቱን በር ዘጋች።

"እሱም ለዛሬ ይበቃኛል" አለች። "በይ ሂጂ፣ ይረፍድብሻል። ለአክስትሽ ደግሞ እንዳትነግሪያት፣ ሰፈሩን ጠርታ ታሳያለች።"